ስፌት እንጂ ሽመና አይደለም

ሁለት ገመድ ይቋጠራል፤ ሁለት ቁራጭ ሸማ ይሰፋል፤ ታዲያ ሁለት ቪዲዮ አንድ ላይ መግጠም ምን ያህል ይከብዳል? ይህን ጥያቄ ለስንት ሰው እንዳቀረብኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። የሰፈራችን ፎቶ ቤት ባለቤትም፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩት ልጆችም፣ የኮምፒውተር ትምህርቱን በማዕረግ የጨረሰው የጎረቤቴ ልጅም የሰጡኝ መልስ አንድ ነው፤ «እሱማ ቀላል ነው!» መቼም እኛ አገር «እሱማ ቀላል ነው» የተባለ ጉዳይ፣ ከተባለበት ሰዓት ጀምሮ መክበድ ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ «እቴቴ» የሚላት የአባቴ ታላቅ እኅት በ2015 ዓ.ም. በሞት ተለየችን። ፊደል አልቆጠረችም። ይሁንና የቤተሰባችን መዝገብ ቤት እሷ ነበረች። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ፣ ማን በየትኛው መንገድ ላይ እንደቀረ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ከ2009 እስከ 2013 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ባገኘሁት ጊዜና ባገኘሁት ዕቃ ስቀርጻት ቆይቻለሁ። በውሰት በመጣ የቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ 21 ፋይሎች አሉ። በእኔና በአጎቴ ልጅ ስልኮች የተቀረጹ 14 አሉ። በ1988 ዓ.ም. ከተደገሰ ሠርግ የቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጡ 2 አሉ። በድምሩ 37 ቁርጥራጭ መሆኑ ነው።

እቴቴ ትኖርበት የነበረው የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ቤት በ2016 ዓ.ም. ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል። እንግዲህ ተናጋሪዋም የለች፣ ቤቱም የለ፤ የቀሩት እነዚህ 37 ቁርጥራጮች ናቸው። ሜሪላንድ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደወለና፣ «አንድ አድርገህ ላክልኝ እንጂ፤ እነዚህ ልጆች ሠላሳ ሰባት ጊዜ ከፍተው የሚያዩት ነገር የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። እዚህ ያሉትም ልጆች አይከፍቱትም።

ለመሆኑ ካሜራው አንዱን ጨዋታ ለምን ቆራረጠው? ምክንያቱ የሚያስቅ ነው። የካሜራው ካርድ ፋይል የሚያስቀምጥበት ፋት 32 የሚባል አሮጌ አደራደር አለ። በዚያ አደራደር የአንድ ፋይል መጠን የሚጻፍበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ፣ ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ ፋይል ሊይዝ አይችልም። በተለምዶ 4 ጊጋባይት የምንለው ነው። የእኛ ካሜራ በሚቀርጽበት ጥራት ይህ 33 ደቂቃ ግድም ይሆናል። 33 ደቂቃ ሲሞላ ካሜራው ሳይነግርህ አንዱን ፋይል ዘግቶ ሌላ ይከፍታል። እቴቴ ዓረፍተ ነገር ትጨርስ አትጨርስ ጉዳዩ አይደለም።

በስድስተኛውና በሰባተኛው ፋይል መካከል የሆነውም ይኸው ነው። እቴቴ በዚያን ዕለት የምትናገረው በ1965 ዓ.ም. በወሎው ረሃብ ጊዜ ከላስታ ተነሥተው ወደ ደሴ በእግር ስለወረዱበት ጉዞ ነበር። መንገድ ላይ ታናሽ እኅቷ ቀረች። የአራት ዓመት ልጅ ናት። አባቴ ከዚያ በኋላ የተወለደ በመሆኑ እንዲህ ያለች እኅት እንደነበረችው እንኳን አያውቅም ነበር። እቴቴ ለአምሳ ዓመት ያህል ያልጠራችውን ስም በዚያን ዕለት አንድ ጊዜ ጠራችው፤ ደግማም አልጠራችው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ የቤተሰቡ ነውና። ነገር ግን የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በስድስተኛው ፋይል መጨረሻ፣ የመጨረሻው ፊደል በሰባተኛው ፋይል መጀመሪያ ላይ ነው ያለው። ሰባተኛውን ፋይል ለብቻው ከፍቶ ለሚሰማ መካከለኛው ፊደል የለም። ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያም የቃል ጭራ ይሰማል።

መጀመሪያ የተሰጠው ለአንድ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ቤት ነበር። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ በሙያቸው ወግ መሠረት ሠርተው በሁለተኛው ቀን በፍላሽ አስረከቡኝ። ከእያንዳንዱ ቁርጥራጭ ጫፍ ላይ ምስሉ ቀስ ብሎ ይጨልማል፤ ቀጣዩ ቀስ ብሎ ይበራል። ከሥር የክራር ዜማ ገብቷል። ነጫጭ ርግቦች በረዋል። በስተ ጀርባ ይሰማ የነበረውን የቆራሌው ጥሪ «ረባሽ ድምፅ» ብለው አጥፍተውታል። የልጅቱ ስም ደግሞ ድሮውንም ግማሽ የነበረው፣ በጨለማውና በክራሩ መካከል ጨርሶ ጠፍቷል። የፋይሉ ብዛትም ወደ አሥረኛው ወርዷል፤ «ቶሎ እንዲላክልህ ብለን ነው» አሉኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼኔ ነው።

አንባቢ «ለአንዲት ባልቴት ቪዲዮ ይህን ያህል?» ይል ይሆናል። የምስል አገጣጠም ምን ያህል ኃይል እንዳለው የኢትዮጵያ ሰው ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበት ፊልም በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ቅምጥልነት ምስሎች ጋር ተገጣጥሞ በእኛው ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የረሃቡም ምስል እውነት ነው፣ የድግሱም ምስል እውነት ነው። አንዱን ከሌላው ጎን ያስቀመጠው እጅ ግን ከሁለቱም ያልነበረ ሦስተኛ ነገር አስነበበ። እቴቴ ያን ምሽት አዲስ አበባ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በአሥራ አንደኛው ፋይል ላይ እንደምታወራው፣ እመቤቲቱ ከቴሌቪዥኑ ዞር ብለው «ያንቺ አገር ነው?» ብለው ጠየቋት። «አዎን እመቤቴ» ብላ ሳህን ልታነሣ ሄደች። ያችን ጨዋታ ክራር ከሥሯ አድርጎ መስማት አልፈለግሁም።

ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ገጥሞ ዝም የሚል መሣሪያ ነበር። ምንም የማይጨምር፣ ምንም የማይቀንስ። የጎረቤቴ ልጅ የገባው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ይችላል፤ የሚጽፈው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ለፓይተን ያለው ፍቅር ደግሞ ሰው ለእግር ኳስ ቡድኑ ካለው አያንስም። «ጋሼ፣ ይሄማ ሃያ መስመር ነው» አለኝ።

ወደ ሃያው መስመር ከመግባታችን በፊት አንባቢዬ ጥቂት ይታገሠኝ። የቪዲዮ ፋይል ጋን ማለት ነው። በጋኑ ላይ «ኤምፒ4» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል፤ ውስጡ ግን ጠላም ጠጅም ሊሆን ይችላል። የእኔ ስልክ የሚቀርጸው በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤች 264 በሚባለው የአጨማመቅ ዘዴ ነው። የአጎቴ ልጅ ስልክ ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ በመጣው ኤች 265 ነው የሚቀርጸው። ሁለቱም ፋይሎች ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ሁለቱን ጋን አንድ ላይ የሚገለብጥ ሰው ጠላም ጠጅም ያልሆነ ነገር ያተርፋል።

ሌላም አለ። ካሜራ እያንዳንዱን ምስል ሙሉውን አያስቀምጥም። አንዱን ሙሉ አድርጎ ይይዝና ከዚያ ቀጥሎ ላሉት የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። እቴቴ ስትቀመጥ እንደ ተራራ ነበረች። ግድግዳው አይለወጥም፤ የተሰቀለው የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አይለወጥም፤ የሚለወጡት ከንፈሯና መቁጠሪያ የያዙት ጣቶቿ ናቸው። ስለዚህ ፋይሉ የያዘው የምስል ክምር ሳይሆን «ከፊተኛው ይህ ይህ ተለውጧል» የሚል ረጅም ማስታወሻ ነው። በዚህ የተነሣ ቪዲዮ የሚገጠምባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የተጨመቀውን ሳይፈቱ ማስታወሻውን ከማስታወሻ ጫፍ ለጫፍ መቀጠል ነው። ስፌት በሉት። ሁለተኛው ሁሉንም ፈትቶ፣ እያንዳንዱን ምስል አውጥቶ፣ እንደገና መጭመቅ ነው። ይህ ሸማውን ተርትሮ እንደገና መሸመን ነው። ሲሸመን ይመሳሰላል፤ ክሩ ግን በተፈታ ቁጥር ይሳሳል፣ ጥራቱ ይወርዳል።

ልጁ መጀመሪያ ያመጣው ኦፕንሲቪ የሚባለውን ነበር። ኢንቴል የተባለው የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ የጀመረውና በዓለም ላይ የታወቀ የምስል መመርመሪያ የፕሮግራም ስብስብ ነው። ፊትን ለመለየት፣ የመኪና ሰሌዳ ለማንበብ፣ ዕቃ ለመቁጠር የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ሃያው መስመር ተጻፈ፤ ሠራም። ከፍተን ስናይ እቴቴ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ እጇን ታወናጭፋለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ድምፅ የለም። ልጁ ድምፅ ማጉያውን ነካካ። ነገሩ ግን ከማጉያው አልነበረም። የኦፕንሲቪ ቪዲዮ መጻፊያ ምስልን እንጂ ድምፅን አይጽፍም፤ የተሠራው ለሚያይ ኮምፒውተር እንጂ ለሚሰማ ሰው አይደለምና። በመሣሪያው አልፈርድም። ነገር ግን «ቪዲዮ በፓይተን እንዴት ይገጠማል» ብሎ ለሚጠይቅ ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠቆመው ብዙ ጊዜ እሱ መሆኑ ይገርመኛል።

ቀጥሎ የመጣው ሙቪፓይ ነው። ይኸኛው ድምፅም ያውቃል፤ ለመጻፍም እንደ ስሙ ለስላሳ ነው። «ይህን ቁራጭ፣ ከዚያ ያንን፣ ከዚያ ያንን ቀጥልልኝ» ማለት ብቻ ይበቃል። ጽሑፍ ጣል ለማድረግ፣ አጭር ማስታወቂያ ለመሥራት የሚመች ነው። ችግሩ ሁልጊዜም ሸማኔ መሆኑ ነው። ሁለቱ ቁራጮች አንድ ዓይነት ሆኑም አልሆኑም ሁሉንም ይተረትራል፣ ሁሉንም እንደገና ይሸምናል። በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይህ የሁለት ሌሊት ሥራ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል።

እዚህ ላይ መብራት የሚሄድበት አገር ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ኤምፒ4 የሚባለው ጋን በተለመደው አሠራሩ ማውጫውን የሚጽፈው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ማውጫው የትኛው ምስልና የትኛው ድምፅ በፋይሉ ውስጥ የት እንዳለ የሚናገር ነው። ስለዚህ በዘጠነኛው ሰዓት መብራት ከሄደ፣ ዲስኩ ላይ ብዙ ጊጋባይት ተጽፎ ይገኛል፤ የሚከፍተው ግን የለም። መጽሐፉ ተጽፎ ገጾቹ ሳይጠረዙ እንደተበተኑ ያህል ነው። ማትሮስካ የሚባለው ሌላ ጋን እንዲህ አይጨክንም። በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ስሙ አንዷ በአንዷ ውስጥ ከምትገባው የሩሲያ አሻንጉሊት የተወሰደ ነው። ፋይሉን በየክፍሉ እያደራጀ ስለሚጽፍ፣ ቢቋረጥ እንኳን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ረጅም ሥራ የምሠራው በማትሮስካ ብቻ ነው።

ሙቪፓይን ውስጡን ገልጠን ስናየው ደግሞ ቪዲዮውን የሚፈታውም የሚጨምቀውም እሱ ራሱ አይደለም። ከሥሩ ሌላ ፕሮግራም ይጠራል፤ ኤፍ ኤፍ ኤምፔግ ይባላል። ፋብሪስ ቤላር የተባለ ፈረንሳዊ በ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮት ከዚያ በኋላ ብዙ ባለሙያዎች ያሳደጉት፣ በነፃ የሚገኝ፣ መልክ የሌለው ነገር ነው። መልክ የሌለው ስል የሚጫኑት አዝራር፣ የሚያዩት መስኮት የለውም ማለቴ ነው፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል። በአዝራር ከሚሠሩት የቪዲዮ ፕሮግራሞች ስንቶቹ ከሥራቸው እሱን እንደሚጠሩ ባለቤቶቻቸው ብቻ ሳይሆኑ ተጠቃሚዎቻቸውም ቢያውቁ ደግ ነበር። «እንግዲያው ደላላውን ትተን ለምን ባለቤቱን አናነጋግርም?» አልኩት። ልጁ ትንሽ ቅር አለው፤ ፓይተን ሥራ ፈታ ማለት ነውና።

ባለቤቱን ማነጋገር ግን ቀላል አይደለም። ኤፍ ኤፍ ኤምፔግ ለመግጠም ብቻ ሦስት መንገድ አለው፤ ሦስቱም ስማቸው አንድ ነው፤ ይህን ያደረገ ሰው አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ ደስ ብሎት ይጠቀም ነበር። የመጀመሪያው ባይትን ከባይት ዝም ብሎ መቀጠል ነው። ሁለተኛው የፋይሎቹን ስም በዝርዝር ጽፎ በመስጠት፣ የተጨመቀውን ሳይፈቱ መስፋት ነው። ሦስተኛው ሁሉን ፈትቶ መሸመን ነው። የትኛው ይሻላል ተብሎ የሚጠየቅ ነገር የለም። የሚጠየቀው «ፋይሎቼ ምን ዓይነት ናቸው?» ነው። ለዚህም ኤፍ ኤፍ ኤምፔግ አብሮት የሚመጣ ኤፍ ኤፍ ፕሮብ የሚባል መርማሪ አለው። የጋኑን ክዳን ከፍቶ አጨማመቁን፣ የምስሉን ስፋት፣ በሰከንድ ስንት ምስል እንዳለ፣ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ ይነግርሃል። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳንገጥም 37ቱን መረመርን። ልጁ ሰለቸው። እኔ በበኩሌ ከሥራው ሁሉ የበለጠውን ያገኘሁት በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው።

የካሜራው 21 ፋይሎች ጋናቸው ኤምፒ4 አይደለም። ለቴሌቪዥን ሥርጭት የተፈጠረ ሌላ ዓይነት ነው። ሥርጭት ሲባል ተመልካቹ በየትኛውም ደቂቃ ላይ ቴሌቪዥኑን ሊከፍት ይችላል፤ ስለዚህ ቪዲዮው 188 ባይት በሆኑ ትናንሽ እሽጎች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ እሽግ የራሱ ምልክት አለው፤ ማንም ከመሐል ገብቶ ሊከታተል ይችላል። ካሜራዎቹ በዚያ ላይ 4 ባይት የሰዓት ምልክት ይጨምሩበታል። እንዲህ ያለ ፋይል አንድ ማውጫ ስለሌለው፣ ሁለቱን ባይት ለባይት ቢቀጥሏቸው አይጣሉም። በኤምፒ4 ይህን ቢያደርጉ ማጫወቻው የፊተኛውን ማውጫ ብቻ አንብቦ ሁለተኛውን እንደሌለ ይቆጥረዋል።

እዚህ ላይ የልጅቱ ነገር መጣ። ካሜራው 4 ጊጋባይት ሲሞላበት ቪዲዮውን በዓረፍተ ነገር ወይም በምስል ጫፍ ላይ አልነበረም የቆረጠው። የድምፁ አንድ እሽግ ግማሹ በስድስተኛው፣ ግማሹ በሰባተኛው ፋይል ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሰባተኛውን ለብቻው የሚከፍት ማናቸውም ፕሮግራም ያን ግማሽ እሽግ «ብልሽት» ብሎ ይጥለዋል። ስቱዲዮው የጣለው፣ ሙቪፓይም ሊጥለው የነበረው እሱን ነው፤ ሁለቱም እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻው ከፍተው ከዚያ በኋላ ነው የሚቀጥሉት። ባይት ለባይት ሲገጠም ግን ግማሹ ከግማሹ ጋር ይገናኛል። ለዚህ ደግሞ ፓይተንም፣ ኤፍ ኤፍ ኤምፔግም አያስፈልግም። በዊንዶውስ ላይ ካለው ከጥንቱ የመገልበጫ ትእዛዝ የሚበልጥ ነገር አላስፈለገንም፤ ኮምፒውተር ጥቁር ሰሌዳ ብቻ በነበረበት ዘመን የመጣ ትእዛዝ ነው። ሁለቱ ፋይሎች በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ሆኑ። ስሙ ሙሉ ሆኖ ተሰማ። ልጁ የማን ስም እንደሆነ ስላልነገርኩት «አሁን ንጹሕ ነው ጋሼ» ብሎ ወደ ቀጣዩ አለፈ።

የስልኮቹ ቁርጥራጮች ሌላ ጣጣ ነበራቸው። የእኔ ስልክ ድምፁን በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል፤ የአጎቴ ልጅ ስልክ በአንድ ፕሮግራም አልፎ የመጣ በመሆኑ 44,100 ጊዜ ነው። እንዲህ ያሉትን ሳይፈቱ ቢሰፏቸው ድምፁ ሊቀጥን፣ ወይም ከከንፈሩ ሊቀድም ይችላል። አንዳንዱ ስልኩን አቁሞ የተቀረጸ ነው፤ አንዳንዱ አጋድሞ። ከዚህም በላይ ስልክ በሰከንድ የሚቀርጸው የምስል ቁጥር አይጸናም፤ ብርሃን ሲያንስ ይቀንሳል። ለእነዚህ የመረጥኩት ኤምኬቪመርጅ የሚባለውን ነው፤ የማትሮስካ ጋን መሙያ ነው። ከእሱ የወደድኩት ግትርነቱን ነው። የማይመሳሰሉ ሁለት ፋይሎች ሲሰጡት ምክንያቱን ጽፎ «አይሆንም» ይላል። ኤፍ ኤፍ ኤምፔግ ግን የጨዋ ልጅ ነው፤ ያዘዙትን ይሠራል፤ እያጉረመረመም ቢሆን ይሰፋል፤ ፊልሙ መበላሸቱን የምታውቀው ሃያኛው ደቂቃ ላይ ስትደርስ ነው። ዳግም የማይገኝ ዕቃ የያዘ ሰው እሺ ባይ አገልጋይ አያስፈልገውም።

የሠርጉ ካሴትማ የሌላ ዘመን ሰው ነው። እኛ የተጠቀምንበት ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስል፣ የአሜሪካኑ ኤንቲኤስሲ ወደ 30 የሚጠጋ ነበር። ድሮ ከአሜሪካ የተላከ የሠርግ ካሴት እዚህ ሲከፈት ምስሉ እየተንከባለለ ጥቁርና ነጭ ይሆንብን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስንቱ ቤተሰብ የልጁን ሠርግ አንዴ እንኳን ሳያይ ካሴቱን በዳንቴል ሸፍኖ አስቀመጠ። ካሴቱን፣ የካሜራውንና የሁለቱን ስልኮች ቀረጻ አንድ ፊልም ለማድረግ ግን ከሽመና በቀር መንገድ የለም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ቅጂ ሠራሁ። የማኅደሩ ቅጂ ስፌት ብቻ ነው፤ የካሜራው ለብቻው፣ የእያንዳንዱ ስልክ ለብቻው፣ የካሴቱ ለብቻው፤ 37ቱ ዋናዎችም አብረው በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ በሁለት ቤት ተቀምጠዋል። የመታያው ቅጂ፣ ማለትም ሜሪላንድ የሚሄደው፣ አንድ ወጥ ፊልም ነው፤ በሰከንድ 25 ምስል፣ ድምፁ 48,000። በኤች 264 መጭመቂያው ላይ ጥራቱ በቁጥር ይታዘዛል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል። ሳይነኩት 23 ነው፤ እኔ 18 አልኩት። የካሴቱን ጠባብ ምስል አልወጠርኩትም፤ ግራና ቀኙን ጥቁር ትቼለታለሁ። ሙሽሮቹ ድሮም ያን ያህል ወፍራም አልነበሩም።

ፓይተንም በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ልጁ የጻፈው ፕሮግራም ራሱ ቪዲዮ አይነካም። ፋይሎቹን በተቀረጹበት ቀንና ሰዓት ይደረድራል፤ በስም ቢደረደሩ ኮምፒውተር 10ን ከ2 ያስቀድማልና። ከዚያ መርማሪውን ይጠራል፤ ካልተመሳሰሉ ያቆማል፤ ከተመሳሰሉ ሰፊውን ይጠራል። ከስፌት በኋላ ደግሞ ከዋናውና ከተሰፋው እያንዳንዱን ምስል አውጥቶ አሻራውን ያነጻጽራል፤ ኤፍ ኤፍ ኤምፔግ ለእያንዳንዱ ምስል አሻራ የሚያወጣበት ዘዴ አለው። በአንድ የ33 ደቂቃ ፋይል ውስጥ 49,500 ምስል አለ። አንዱ ቢጎድል ይታወቃል። ሃያ ነው የተባለው መስመር መቶ አርባ ደረሰ።

አንድ ፋይል ቀርቶ ነበር። ከስልኮቹ ቁርጥራጮች አሥራ አራተኛው፣ እየተቀረጸ ሳለ የስልኩ ባትሪ ስላለቀ ማውጫው አልተጻፈም፤ ማንም አይከፍተውም። አንትረንክ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ በዚያው ስልክ የተቀረጸ ጤነኛ ቪዲዮ አጠገቡ ሲደረግለት፣ የጤነኛውን አሠራር አይቶ የታመመውን ማውጫ እንደገና ለመጻፍ ይሞክራል። የዚያው ስልክ ጤነኛ ፋይሎች ነበሩን። ስድስት ደቂቃ ተረፈ። እቴቴ በስድስቱም ደቂቃ አንድም ታሪክ አልተናገረችም፤ ሲኒ ታጥባለች፣ ረከቦቱን ትወለውላለች፣ ቡና ትቆላለች፤ ከውጭ ቆራሌው ይጣራል። በተራው፣ ከአሥራ ሦስተኛው ቀጥሎ አስገባሁት።

ፊልሙ በደረሰ በሳምንቱ ከሜሪላንድ ተደወለ። ስለ ልጅቱ ብዙ ተነጋገርን፤ እሱም አያውቅም ነበር። ሊዘጋ ሲል፣ «እኔ የምልህ፣ ያን ሲኒ የምታጥብበትን ለምን አልቆረጥከውም?» አለኝ።

«ግጠም አልከኝ እንጂ ቁረጥ መቼ አልከኝ?» አልኩት።